ዋሻ ውስጥ የባቡሩ ሬዲዮ ቢጠፋስ?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ዋሽንግተን ዲሲ በሜትሮ ቀይ መስመር እመላለሳለሁ። ዋሻ ውስጥ የአሽከርካሪው ሬዲዮ ቢጠፋ፣ ከኋላ የሚመጣው ባቡር እንዳይገጨን ምን ያግደዋል? እኛስ ምን እናድርግ?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ባቡሮቹን አራርቆ የሚይዛቸው ሬዲዮው ሳይሆን ሐዲዱ ነው። መስመሩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በየክፍሉ ሐዲድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላክበታል። ባቡር ሲገባ ጎማዎቹና አክስሉ (ጎማዎቹን የሚያያይዘው የብረት ዘንግ) ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ምልክቱ መቀበያው ዘንድ አይደርስም፤ ከኋላ ያለውም እንዲቆም ይታዘዛል። ሽቦ ቢበጠስም ትእዛዙ ያው «ቁም» ነው። አደገኛው፣ ባቡር እያለ መቀበያው የሐሰት ምልክት ሲያገኝ ነው። በእርስዎ መስመር በታኮማና በፎርት ቶተን መካከል ሰኔ 22 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) 9 ሰዎች የሞቱበት ግጭት የደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሬዲዮው የግድ የሚያስፈልገው ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ነው፦ ጭስ፣ ሐዲድ ላይ የወረደ ሰው፣ አልለቅ ያለ ቀይ መብራት። አፈርና ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድ ስለማያሳልፉ በዋሻው ግድግዳ ሞገድ የሚያስወጣ ገመድ ይዘረጋል፤ በየርቀቱም ማጉያ ይገጠምለታል። አንዱ ማጉያ ኃይል ካጣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጸጥ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ብልሽቱ የባቡሩ ነው ወይስ የዋሻው የሚለው ነው፤ አሽከርካሪው በእጅ ሬዲዮ ይሞክራል። የእጅ ሬዲዮው ከሠራ ችግሩ የባቡሩ ነው፤ ባቡሩ ተሳፋሪ አውርዶ ለጥገና ይወጣል። እሱም ዝም ካለ ባቡሮች መድረክ ላይ ይያዛሉ፤ የፊተኛው ቀጣዩ ጣቢያ መግባቱ በጣቢያ ስልክ ሳይረጋገጥ የኋለኛው አይለቀቅም። በመሀል የቆመ አሽከርካሪ ቀይ መብራት በራሱ ግምት አያልፍም። በዲሲ ዋሻዎች ግድግዳ ላይ በሰማያዊ መብራት የሚለይ ሳጥን አለ፤ ስልክና የሦስተኛውን ሐዲድ (ለባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) 750 ቮልት የሚያቋርጥ ቁልፍ ይዟል። ቁልፉን የተጫነ ሰው በዚያው ስልክ ምክንያቱን መናገርና ኃይሉ መጥፋቱን ማረጋገጥ አለበት፤ እስከዚያ ሐዲዱ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ይቆጠራል። በአንዳንድ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጥልቅ መስመሮች ደግሞ በግድግዳው የተዘረጉ ሁለት ራቁት ሽቦዎች አሉ፤ አሽከርካሪው በእጁ ቆንጥጦ ሲያገናኛቸው ኃይሉ ይቋረጣል፤ ስልኩንም እዚያው ሽቦዎች ላይ አያይዞ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ይነጋገራል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮም ችላ ሊባል አይገባም። ጥር 12 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) በዲሲው ላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ ባቡር በጭስ በተሞላ ዋሻ ቆሞ አንዲት ተሳፋሪ ስትሞት፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሬዲዮ ከመሬት በታች በቅጡ አልሠራም ነበር። የሬዲዮው ፍተሻ ዋሻው መሀል ድረስ ተወርዶ መደረግ አለበት፤ መድረክ ላይ ሰማ ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ለእርስዎ፦ ከፉርጎው አይውረዱ፤ በአጠገብዎ ሦስተኛው ሐዲድ አለ፣ በሌላው መስመርም ባቡር ሊመጣ ይችላል። በፉርጎው ጫፍ ባለው ኢንተርኮም የፉርጎውን ቁጥር ጠቅሰው ለአሽከርካሪው ያዩትን ይንገሩ። የዋሻው ሬዲዮ ቢጠፋም ኢንተርኮሙ የባቡሩ የውስጥ መስመር ስለሆነ ሊሠራ ይችላል። እሳት ከተነሳና ከራሱ ከፉርጎው ከሆነ በጫፉ በር ወደ ቀጣዩ ፉርጎ ይሻገሩ።