ከመኪናው ሥር፦ የተቀደደው የአክስል ላስቲክ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ከፊት ጎማ ጀርባ ተሸሽጋ ስለምትኖር አንዲት እጥፋት እጥፋት ያላት ጥቁር ላስቲክ ነው። ወቅቱም ነው። ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ሲታሽ የከረመ ላስቲክ ጥቅምት ላይ የአዳማ ፀሐይ ሲያገኘው ስንጥቁ አፍ ያወጣል። ስለዚህ የፍሬንና የባትሪ ጥያቄ የላካችሁ ታገሡኝ፤ ዛሬ ላስቲክ ላይ ነን።

«አሮጌ ፎር ዊል ዴሊካ አለኝ። የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ግሪስ ተረጭቶበታል፤ ድምፅ ግን የለውም። መካኒኬ "ሙሉ አክስሉን በዱባይ ያገለገለ እንቀይረው" ይላል። እኔ ላስቲኩ ብቻ ቢቀየር እላለሁ። ማናችን ልክ ነን?» (ከቦኩ)

ድምፅ ከሌለው እርስዎ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የሚወስነው ግን ላስቲኩ ከተቀደደ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለው ነው።

ከላስቲኩ ሥር ያለው ሲቪ ጆይንት ነው፤ አክስሉ፣ ማለትም ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ጫፎቹ ላይ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያስችለው መገጣጠሚያ። በጎማው በኩል ያለው (የውጪው) አብዛኛውን ጊዜ 6 የብረት ኳሶች ያሉት፣ አልፍሬድ ዜፓ የሚባል መሐንዲስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ዓይነት ነው። ጎማው መሪ ተከትሎ ሲዞርም ኃይል ሳይቆራረጥ የሚደርሰው በእነዚህ ኳሶች ነው። ኳሶቹ የሚኖሩት በግሪስ፣ ግሪሱ የሚኖረው በላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ አክስሉ በዞረ ቁጥር ግሪሱን እየወነጨፈ ያወጣዋል፤ እርስዎ ጎማው ላይ ያዩት እሱን ነው። ቀጥሎ የሚገባው አቧራ ነው። የእኛ አካባቢ አቧራ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ለግንባታ የምናፈሰው ቀይ አሽ ሲደቅ ምን እንደሚመስል በእጅዎ አሽተው ያውቁታል፤ ጥርስ አለው። ከግሪስ ጋር ሲለወስ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከተቀደደው ቦታ ጥቂት ግሪስ በጣትዎ ይውሰዱና ይሹት። ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ቀድመው ደርሰዋል። አሸዋ አሸዋ ካለዎት ጆይንቱ ታጥቦ መታየት አለበት። ታጥቦ ሲታይ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር መኖሩ ጤና ነው። ጥፍርዎን ሲጎትቱበት የሚይዝ ጉድጓድ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ግን ያ ጆይንት አልቋል፤ አዲስ ላስቲክ ማልበስ ሬሳን ማልበስ ነው።

ያገለገለውን አክስል በተመለከተ እኔ ብዙም አልወደውም። ላስቲኩ የእርስዎን ያህል አርጅቷል፣ ጆይንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ሻጩም አያውቅም። ድምፅ የሌለውን የራስዎን አውልቆ የማይታወቅ የሰው ማስገባት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። መካኒክዎ ይህን የሚመክረው ከክፋት ላይሆን ይችላል፤ ሙሉ አክስል መቀየር ፈጣን ነው፣ ላስቲክ መቀየር ግን እጅ የሚያቆሽሽ ግማሽ ቀን ነው።

ሥራውን ቆመው ካሠሩ እነዚህን ይዩ። በእጅ የሚቆለፍ የጎማ ሃብ ካለው መጀመሪያ እሱ ይወርድና አክስሉ ጫፍ ላይ ያለው ስናፕ ሪንግ (አክስሉን የሚይዘው ቀለበት) ይወጣል። ሃብ መቆለፊያ በሌላቸው ላይ ደግሞ መሃል ላይ ያለው ትልቅ ዳዶ መላላት ያለበት መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ነው። ክሪክ ላይ በተንጠለጠለ መኪና ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ዳዶ የሚታገል ሰው ካዩ ራቅ ይበሉ። አክስሉ ከዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ሲወጣ ዘይት ሊፈስ ስለሚችል ከሥር ዕቃ ይቀመጥ፤ በኋላም የጎደለው ይሞላ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። የአንዳንድ መኪና የውጪ ጆይንት ከዘንጉ አይነቀልም። በተለይ እንደ እርስዎ ዴሊካ የሚትሱቢሺ ነገር ከሆነ መዶሻ ከማንሳት በፊት ይጣራ፤ እንዲህ ባለው ላይ የውጪው ላስቲክ እንኳ የሚገባው በዲፈረንሻል በኩል ያለውን የውስጡን ጆይንት ፈትቶ፣ በዚያ በኩል አሳልፎ ነው። ሲፈታ ክፍሎቹ እርስ በርስ የነበሩበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ለዓመታት ተላምደው የኖሩ ብረቶች ጎረቤት መቀየር አይወዱም። ጋራዦቻችን የሚያጥቡት በናፍጣ ነው፤ ይሁን፣ ግን እስኪደርቅ ይጠረግ። ውስጥ የቀረ ናፍጣ አዲሱን ግሪስ ያቀጥናል፣ ላስቲኩንም ያሳብጣል። ላስቲኩ ከመግባቱ በፊት የዘንጉ ጥርስ ላይ ፕላስተር ይጠቅለል፤ አለዚያ አዲሱን ላስቲክ ገና ሲገባ ይቧጭረዋል።

ተለማማጅ ሳለሁ ሁሉን ገጥሜ፣ ግሪሱን ሞልቼ፣ ላቤን ጠርጌ ዞር ስል ትንሿ ክላምፕ (ላስቲኩን ዘንጉ ላይ የምታስረው ቀለበት) ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከላስቲኩ በፊት ዘንጉ ላይ መግባት የነበረባት እሷ ናት። ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። ዛሬም ሥራ ስጀምር ትንሿን ክላምፕ አፌ ውስጥ የምይዘው ለዚህ ነው፤ ረዳቶቼ ይስቁብኛል።

ከላስቲኩ ጋር የሚመጣው የግሪስ ከረጢት በሙሉ ይገባል፤ የሚቻለው ያህል ኳሶቹ መሃል፣ የቀረው ላስቲኩ ውስጥ። ሁለተኛው ክላምፕ ከመጥበቁ በፊት አክስሉ ቀጥ ብሎ፣ ላስቲኩ ሳይለጠጥም ሳይጨመደድም ተስተካክሎ፣ ቀጭን ካቻቢቴ ከጠርዙ ሥር ገብቶ የታመቀው አየር ይውጣ። አየር የቀረበት ላስቲክ ይነፋል ወይም ይጨመደዳል፣ እጥፋቱ እርስ በርስ ይፋተግና ወራት ሳይቆይ ይቀደዳል። በመጨረሻ ትልቁ ዳዶ ያለባቸው ላይ ዳዶው በአዲስ ይተካ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ይጥበቅ፤ በብዙ መኪና ልኩ 200 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ሳይጠብቅ መኪናውን አውርዶ «ትንሽ ገፋ እናድርገው» ማለት የጎማውን ኩሽኔታ ማበላሸት ነው።

«የአሰላ መስመር ሹፌር ነኝ። መሪ ሙሉ ጠምዝዤ ስዞር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ላስቲኩን ብቀይር ይጠፋል?»

አይጠፋም። እሱ የውጪው ጆይንት ነው፤ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ላስቲክ አያድነውም። የትኛው ጎን እንደሆነ ለመለየት ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ በሙሉ መሪ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየዞርክ ነዳጅ ስጥ። ፎር ዊሏ ስትገባ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሜዳው አሸዋ ወይም ጠጠር ይሁን እንጂ አስፋልት ላይ አትሞክረው። ከዚህ ሌላ ወደ አሰላ ዳገቱን ስትወጣ መኪናው ከተንቀጠቀጠ፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳም ከተወ፣ ያ የውስጠኛው ጆይንት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስማቸውን ለይተህ ለመካኒክህ ንገረው፤ ካልሆነ ጤነኛውን ቀይሮ ይሰጥሃል።

«ላስቲክ እስክናገኝ በከመነዳሪ ጠቅልለን በሽቦ ብናስረውስ?»

ቤት ድረስ፣ አዎ። ሶደሬ ድረስ፣ አይሆንም። ከመነዳሪ እንደ ላስቲኩ እጥፋት ስለሌለው ጎማው ሲዞር ይጎተታል፣ ሽቦውም ይበጠስና አክስሉ ላይ ይጠመጠማል። በፌስታል ጠቅልለው የመጡም አይቻለሁ፤ ግሪሱ ፌስታሉን ከምሳ ሰዓት አላሳለፈውም። ለሁለት ተከፍሎ አክስል ሳይወርድ የሚገባና በማጣበቂያ የሚዘጋ ላስቲክ ገበያ ላይ አለ። ማጣበቂያው የሚይዘው ጠርዙ ፍጹም ንጹህ ሲሆን ነው፤ ግሪስ በተረጨበት ቦታ ተኝቶ ንጹህ ጠርዝ ማግኘት ምን እንደሚመስል ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። እኔ እንደ ጊዜያዊ ነገር ብቻ ነው የማየው።

«ፎር ዊሉን በዓመት አንዴ እንኳ አላስገባውም። መኪናው የቤተሰብ ነው፣ ከከተማ አይወጣም። ታዲያ ላስቲኩ ለምን ተሰነጠቀ?» (አንዲት እናት)

እመቤቴ፣ ጎንበስ ብለው የፊት ጎማው መሃል ያለውን መቆለፊያ ይመልከቱ። «ሎክ» ላይ ከሆነ ፎር ዊሉን ባያስገቡትም አክስሉ ከጎማው ጋር ሁልጊዜ ሲዞር ኖሯል። ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው ቆልፎት ረስቶት ሊሆን ይችላል። «ፍሪ» ላይ ያድርጉት፤ ሁለቱንም ጎን። «ፍሪ» ላይ ከነበረ ደግሞ ያረጀው በዕድሜው ነው። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል፤ ሙቀት፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን፣ የሞተር ዘይት ጠብታ ይበቃዋል። ሚትሱቢሺ ዴሊካን በፎር ዊል ማውጣት የጀመረው በ1982 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ እዚህ የምናያቸው አንዳንዶቹ ከባለቤቶቻቸው ይበልጣሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ፎር ዊል አስገብተው ፈጣን መንገዱ ላይ የሚነዱ አሉ፤ «መንገድ ይቆነጥጣል» ብለው። በእነዚህ አሮጌ ዓይነቶች ላይ የፊቱንና የኋላውን ፍጥነት ልዩነት የሚያቻችል መካከለኛ ዲፈረንሻል የለም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲዞሩ የሚፈጠረው ትግል የሚያርፈው አክስሉና ካምቢዮው ላይ ነው። ለጭቃና ለአሸዋ ያስቀምጡት።

«ከፊት አሳድገነው ነበር፣ ድንጋይ እንዳይነካ። ከዚያ ወዲህ በስድስት ወር ሁለት ላስቲክ ቀየርኩ።»

መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። የፊት ቶርሽን ባር (ፊቱን ተሸክሞ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) ተጠምዝዞ ሲነሳ አክስሉ ቀጥ ማለቱን ትቶ አዘቅዝቆ ይሠራል፤ የላስቲኩ እጥፋት በአንድ ጎን ተጨፍልቆ በሌላው ተወጥሮ ይዞራል። ወደ ፋብሪካው ከፍታ ይመልሱት፣ ወይም ቢያንስ ግማሹን ያውርዱት። ሦስተኛ ላስቲክ አይግዙ።

«ሃይስ ነው ያለኝ፣ ከኋላ የሚነዳው ዓይነት። ባለፈው ጋራዥ "የፊት አክስል ላስቲክ" ብለው አስከፈሉኝ።»

ከኋላ ብቻ የሚነዳ ሃይስ የፊት አክስል የለውም፤ ኃይሉ የሚሄደው በትራንስሚሽን ዘንግ ወደ ኋላ ነው። ፊት ለፊት ላስቲክ አለ፣ ግን የመሪው ሽፋንና የቦል ጆይንቶቹ ነው። ምናልባት ከእነሱ አንዱን ቀይረው ስሙን አሳስተው ጽፈው ይሆናል፤ ምናልባት። የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ ብለው ይጠይቁ። ከእንግዲህም ዕቃ ሲያስቀይሩ አሮጌውን በፌስታል ይዘው የመሄድ ልማድ ያውጡ፤ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርደው አዲስ ሲገዙም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አፋቸውን መለካት ከሻጩ «ይሄው ነው» ይሻላል። የውስጡና የውጪው ላስቲክ ልካቸው ይለያያል።

«ከላስቲኩ ጋር ግሪስ አልሰጡኝም። የኩሽኔታ ግሪስ ባስገባስ?»

ለውጪው ጆይንት ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት፣ ጥቁር ግራጫ መልክ ያለው ግሪስ ይፈልጉ። የውስጠኛው በሦስት ሮለር የሚሠራ ከሆነ ሌላ ግሪስ ሊጠይቅ ይችላል፤ የመኪናውን መጽሐፍ ይዩ ወይም ለጆይንቱ ተብሎ የታሸገውን ይግዙ። አሮጌውንና አዲሱን ዓይነት አይቀላቅሉ። እና እባክዎ፣ ከክፍት ጣሳ የሚጨለፍ አይግዙ፤ መደርደሪያው ላይ የከረመው ጣሳ ክዳን ስለሌለው የከተማው አቧራ ሁሉ ቀድሞ ገብቶበታል።