መልስ፦ ስለ ትምህርት ቤቱ የአስቤስቶስ ጣሪያ

እህቴ፣ ደሴ የምታስተምሪበት ክፍል አሮጌ የአስቤስቶስ (ቃጫ መሰል ማዕድን ያለበት) ጣሪያ ተሰነጣጥቆ "ሕግ የግድ ይነሳ ይላል ወይ?" ላልሽው፦ አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ እንኳ ሁሉም ይነሳ አይልም። ትምህርት ቤቶች በየ3 ዓመቱ በባለሙያ እንዲያስፈትሹ፣ የአያያዝ ዕቅዳቸውንም ለወላጆች ክፍት እንዲያደርጉ ግን ያስገድዳል። ሁሉም ይነሳ የማይለው ያልተነካ አስቤስቶስ ብዙም ስለማያሰጋ ነው። የሚያሰጋው ሲሰበር፣ ሲበሳና ሲቆረጥ የሚበነው ብናኝ ነው። ሳንባ ገብቶ ካንሰሩ የሚታየው ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ለልጆቹ በጣም የምሰጋውም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። እሱን ጠቅሳችሁ ለከተማው ትምህርት መምሪያ በጽሑፍ አመልክቱ። እስከዚያ ክፍሉን ዝጉት። ስብርባሪውን በደረቁ እንዳትጠርጉት! ክረምት ሳይገባ በቆርቆሮ ይቀየር ከተባለም፣ ተማሪዎች ጣሪያ እንዲያወርዱ በፍጹም አትፍቀዱ።