"ፊኒሹ ረጅም ነው" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። "ወይን የሚቀምሱ ሰዎች ፊኒሹ ረጅም ነው ይላሉ። እኔ ግን ከዋጥኩት በኋላ የሚሰማኝ ማቃጠልና አፍ ማድረቅ ብቻ ነው። ፊኒሽ ማለት ይሄ ነው? ረጅም የሆነ ሁሉስ ጥሩ ነው?" ብለሻል። እኔ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ወይን ሳስተናግድ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከእንግዶችም ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ማቃጠሉም ማድረቁም እውነት አለ። ግን ፊኒሹ የሚለካው በእነሱ አይደለም። ፊኒሽ የሚባለው ወይኑ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ደስ የሚለው ጣዕም አፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ደብልዩ ኤስ ኢ ቲ የሚባለው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የወይን ትምህርት ተቋምም ተማሪዎቹን የሚያስለካው በዚሁ መንገድ ነው። መራራነት ብቻውን ለግማሽ ደቂቃ ቢቆይ ረጅም ፊኒሽ አይባልም። ስለዚህ ሰከንድ ከመቁጠርሽ በፊት የቀረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት አለብሽ። እኔ አዲስ አስተናጋጆችን ሳሠለጥን ከዚህ ነው የምጀምረው።

ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ትንሽ ጎንጨት በዪ፣ አፍሽ ውስጥ አዙሪው፣ ዋጪው። ወዲያው አፍንጫሽን በሁለት ጣት ያዢና በአፍሽ ተንፍሺ። አሁን የሚሰማሽን አስተውዪ። ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ማቃጠል፣ ማድረቅ፤ እነዚህ ሁሉ የምላስና የአፍ ስሜቶች ናቸው። ከዚያ አፍንጫሽን ልቀቂ። አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ድንገት ፕሪም፣ እንጆሪ፣ ሎሚ፣ ቫኒላ፣ ቅመም የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ፊኒሹ ማለት በዋናነት እሱ ነው። ስንውጥ የወይኑ ሽታ ከአፍ ጀርባ ተነስቶ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣል። "ጣዕም" የምንለው አብዛኛው ነገር በዚህ መንገድ የመጣ ሽታ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ ሁሉ አልጣፍጥ የሚለንም ለዚህ ነው።

ቡና ጠጪ ከሆንሽ ደግሞ አዲስ ነገር አይሆንብሽም። ጥሩ የይርጋጨፌ ቡና ጠጥተሽ ሲኒውን ካስቀመጥሽ በኋላ አበባ አበባ የሚል ነገር አፍሽ ላይ ይቆያል። መጥፎ የተቆላ ቡናም ይቆያል፣ ግን የሚቆየው ማረሩ ነው። የቡና ቀማሾች በውጤት ወረቀታቸው ላይ ለዚህ ኋላ ለሚቀረው ጣዕም ለብቻው ነጥብ ይሰጣሉ። ወይንም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ማድረቁ ልምጣ። እሱ የታኒን ሥራ ነው። ታኒን ከወይኑ ፍሬ ቆዳና ዘር ይመጣል፣ የኦክ በርሜል ውስጥ ከቆየም ከእንጨቱ ይጨመርበታል። ቀይ ወይን ከቆዳው ጋር አብሮ ስለሚብላላ ብዙ ታኒን አለው። ነጭ ግን ብዙውን ጊዜ ጭማቂው ብቻ ስለሚብላላ ትንሽ ነው ያለው። ምራቃችን ውስጥ አፍን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉ። ታኒን እነሱን ይዞ ያቆራኛቸዋል፣ ልስላሴው ይጠፋል፣ ድድና ጉንጭ ሻካራ ይሆናል። ይሄ ስሜት ደግሞ እየተደራረበ ነው የሚሄደው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጎነጪው ከመጀመሪያው የበለጠ ያደርቃል። ለዚህ ነው ባዶ አፍ ቀይ ወይን የሚጠጣ ሰው "ይሄ ወይን ከበደኝ" የሚለው። በመሀል ውኃና ዳቦ ውሰጂ። ሥጋ ከሆነ ደግሞ እጅግ ይሻላል፣ ታኒኑ የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን ያገኛል። ጥሩ ጥብስ ቀርቦ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው ታኒን የበዛበት ቀይ ወይን ሲጠጣ ያ ሁሉ ማድረቅ የት እንደገባ አይታወቅም። በእኔ ግምት ጥሩ ታኒን ያለው ወይን አፍሽን ቢያደርቅም ከድርቀቱ በላይ የፍሬው ጣዕም ይሰማሻል። ፍሬው ቀድሞ ጠፍቶ ድርቀቱ ብቻውን ከቀረ ያ ወይን ፊኒሹ አጭር ነው።

ማቃጠሉ ደግሞ አልኮሉ ነው። 14.5 ከመቶ የሆነ ወይን ጉሮሮና ደረት ላይ ይታወቃል። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የምለው ነገር አለ። የበርበሬ ማቃጠልንና የአልኮልን ማቃጠል የሚያደርሰው የነርቭ ተቀባይ አንድ ነው። ዶሮ ወጥ ወይም አዋዜ ላይ ጠንካራ ቀይ ወይን ከጠጣሽ እሳቱ ይደራረባል፣ ጣዕሙ ይሸፈናል። ስለ ፊኒሹ ለመፍረድ ከፈለግሽ ከምግቡ በፊት ቅመሺው። ከወጥ ጋር ለመጠጣት ከሆነ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይሻልሻል።

ሙቀቱም ብዙ ይለውጣል። ቀይ ወይን ሞቅ ካለ አልኮሉ ይወጣል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ሽታው ይታፈንና ታኒኑና መራራው ይጎላል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ከባድ አይደለም፣ ማታ የክፍሉ ሙቀት ሊበቃ ይችላል። ሐዋሳ ወይም አዳማ ከሆንሽ ግን ቀዩንም ለትንሽ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው።

አሲዱን ለማወቅ ከዋጥሽ በኋላ አፍሽን ትንሽ ከፈት አድርጊና ጠብቂ። ከምላስሽ ጎንና ሥር ምራቅ እየመጣ ከሆነ አሲዱ ጥሩ ነው። ፊኒሹን ትኩስና ንጹሕ የሚያደርገው እሱ ነው።

ጣፋጭነት ግን ያታልላል። ስኳር አፍ ላይ ስለሚለጠፍ ሰው "ይሄማ ረጅም ነው" ይላል። ጣፋጩን አክሱሚት የለመደ ሰው ድራይ የሚባለውን፣ ስኳር የሌለውን ወይን ሲቀምስ "ጣዕሙ ወዲያው ጠፋብኝ" የሚለው ብዙ ጊዜ ስኳሩን ፈልጎ ነው። ስኳርና ፍሬ ለየብቻ ናቸው። የሃንጋሪው ቶካይ አሱ በሊትር ቢያንስ 120 ግራም ስኳር ያለው ወይን ነው፣ ግን አሲዱም ከፍተኛ ስለሆነ ከዋጥሽው በኋላ አይሰለችም። መጀመሪያ ጣፋጩ ይሄዳል፣ ማርና ብርቱካን ልጣጭ የመሰለው ሽታ ይቆያል። ከቀመስኳቸው ጣፋጭ ወይኖች እንደሱ የሚቆይ አላገኘሁም።

መለማመጃ ከፈለግሽ ሲራ ግዢ፣ በፍሬው ዓይነት ስም የሚጠራ ቀይ ወይን ነው። ዝዋይ ከሚበቅል የወይን ፍሬ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣው ሪፍት ቫሊ የራሱ ሲራ አለው፣ የደቡብ አፍሪካም በየሱፐርማርኬቱ አይጠፋም። ሲራ ውስጥ አንዳንዴ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከዋጥሽ በኋላ ነው የሚመጣው። ምሳሌ አይምሰልሽ፣ ቁንዶ በርበሬን ቁንዶ በርበሬ የሚያሰኘው ሮተንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር ራሱ ነው ወይኑ ውስጥ ያለው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ይሄንን ሲያሳውቁ ሌላም ነገር አሳይተዋል። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሮተንዶንን ጨርሶ አይሸተውም። ስለዚህ ጎንሽ ያለው ሰው "ቁንዶ በርበሬው አሁንም አለ" ሲልሽ አንቺ ምንም ባይሰማሽ ምላስሽ አልሰነፈም።

ሌላው የሚገርመኝ ዘግይቶ የሚመጣው ጣዕም ነው። የወይን ፍሬ ሽታ ከፊሉ ከስኳር ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ ብርጭቆ ላይ አይሸትም። አፋችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እስሩን ሲፈቱት ነው ብቅ የሚለው። በጎም ክፉም ጎን አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትጨስ የጭሱ ንጥረ ነገሮች በዚሁ መንገድ ፍሬው ውስጥ ታሰሩ። እንዲህ ያለ ወይን ሲሸቱት ደህና ይመስላል፣ ከተዋጠ በኋላ አመድ የላሱ ያህል ይሆናል። ብዙ አምራቾች የዚያን ዓመት ቀይ ወይናቸውን ሳይሠሩ የቀሩት ለዚህ ነው። ሰልፋይት፣ ማለትም ወይን እንዳይበላሽ የሚገባው ንጥረ ነገር፣ የማይጨመርባቸው ወይኖች ላይ ደግሞ "የአይጥ ሽታ" የሚባል ጉድለት አለ። በወይኑ አሲድ ታፍኖ ይቆይና ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው፣ ከዋጥሽ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጁ ሲያስቀምስሽ ሸትተሽ ብቻ "ጥሩ ነው" አትበዪ። ዋጪና ትንሽ ጠብቂ። አስተናጋጁም ይጠብቃል፣ ሥራው ነው።

ቆጠራውን በተመለከተ ፈረንሳዮች ኮዳሊ የሚባል መለኪያ አላቸው፣ አንዱ ኮዳሊ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ በልማድ አምስት ሰከንድ ያልሞላውን አጭር፣ አሥር አካባቢ የቆየውን መካከለኛ፣ ከሃያ ያለፈውን ረጅም እላለሁ። ይሄ የእኔ ነው፣ ሌላው ሌላ ቁጥር ይነግርሻል። ዋናው አንድ ዓይነት አቆጣጠር ይዘሽ ሁለት ወይን ጎን ለጎን ማወዳደርሽ ነው።

ለረጅምነቱ ብለሽ ብቻ ግን ገንዘብሽን አታፍስሺ። ቀለል ያለ፣ ትኩስ ነጭ ወይን በሞቃት ቀን ከዓሣ ጋር ሲጠጣ ፊኒሹ አጭር ቢሆንም ንጹሕ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል። ውድ ጠርሙስ ገዝተሽ ከሆነ ግን ፊኒሹ ላይ ጨክኚ። አፍንጫ ላይ ግሩም ሆኖ ከተዋጠ በኋላ ወዲያው የሚጠፋ ወይን ለዚያ ዋጋ አይገባውም ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስሽን ከቦረሽሽ ብዙም ሳትቆዪ አትቅመሺ። የጥርስ ሳሙናው አረፋ ማውጫ ጣፋጩን ይደብቅና መራራውን ያጎላዋል፣ ማንኛውም ወይን መጥፎ ይመስልሻል። ሁለቱን ብርጭቆ ስታወዳድሪ ደግሞ ቀለል ያለውን አስቀድሚ፣ ታኒን የበዛበት ከቀደመ ቀጣዩን ይሸፍንብሻል።