መልስ፦ ሰው ለምን ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ይቀመጣል?

ወንድሜ፣ «ለትምህርት ባሕር ዳር መጥቼ በምግብ ሰዓት ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ብቻ ሲቀመጥ አየሁ፤ ጥላቻ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ጥላቻ አልለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፌል እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሙከራ የብሪስቶል ታዳጊ ወንዶችን የታዩአቸው ነጠብጣቦች ስንት እንደሆኑ በሰጡት ግምት ሰበብ ለሁለት ቡድን ከፈላቸው። በቡድናቸው ማን እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ግን ለወገናቸው አዳሉ። በዚህ ተራ ሰበብ እንዲህ ከሆነ፣ ቋንቋና ሃይማኖት ሲጨመርበትማ ምን ሊሆን ነው!

መዘዙን ግን ቀላል አታድርገው። እዚሁ ጣና ዳር በደንገል ታንኳ ሥራቸው የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ አባቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር እየተባለ ለረጅም ዘመን ከማዕድ ተገልለዋል። በታንኳቸው እየተጠቀሙ ማዕዳቸውን መሸሽ! ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ትሪህን ይዘህ ከማታውቃቸው ጋር መቀመጥ ጥሩ ጅምር ነው። ይበልጥ የሚያቀራርበው ግን በእኩልነት ለአንድ ግብ መሥራት ነው፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርትም እ.ኤ.አ. በ1954 ያስረዳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የቡድን ሥራ ሲመጣ ከሌላ አካባቢ ልጆች ጋር እንድትመደብ ራስህ ጠይቅ።