የውሻ ዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፦ አስቀድመው ቀዶ ሐኪሙን ይምረጡ

ውድ እህታችን፤ የጥያቄዎ ፍሬ ነገር የሁለት ዓመቱ ጀርመን ሸፐርድ ውሻዎ በሁለቱም ዳሌዎቹ ሂፕ ዲስፕሌዥያ (የጭኑ አጥንት ራስና የዳሌው ጎድጓዳ በደንብ የማይገጥሙበት ሕመም) እንዳለበት በራጅ መታየቱ፣ የዘወትር ሐኪሙም ሙሉ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ እንዲደረግለት መምከራቸው፣ እርስዎም ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት በዚህ መንገድ ካለፈ ሰው ምክር መፈለግዎ ነው። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የላብራዶር ውሻዬን በዚሁ ሕመም ምክንያት ግራ ዳሌዋን አስቀይሬ አስታምሜያለሁና የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፍልዎታለሁ።

ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ቀዶ ሐኪሙን በጥንቃቄ እንዲመርጡ ነው፤ የዚህ ሕክምና ውጤት በእጅጉ የሚወሰነው በሚሠራው ሰው ልምድ ነውና። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ቀዶ ጥገና መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአሜሪካ የእንስሳት ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በስፔሻሊስትነት የሚያውቀው ከዲግሪው በኋላ በኢንተርንሺፕ ያለፈውን፣ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) የጨረሰውንና ፈተናውን ያለፈውን ብቻ ነው። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በአካባቢዎ ያሉትን መፈለግ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህ የምስክር ወረቀት ያላቸው ሁሉ ዳሌ አይቀይሩም፤ ለዚህ ሥራ የተለየ ሥልጠናና የተለዩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ በዓመት ስንት ዳሌ እንደሚቀይሩ፣ በየትኛው ዓይነት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንደሚሠሩ፣ ከራሳቸው ታካሚዎች መካከል ምን ዓይነት ችግር እንደገጠመና ችግሩ ሲገጥም እዚያው ደግመው መሥራት ይችሉ እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። የእኛ ዶክተር የገጠሟትን ውልቃቶችና ስብራቶች ሳትደብቅ በራጅ እያሳየች ስለነገረችን ነበር ልቤ የተረጋጋው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሐኪም ቢያጋጥምዎ ሌላ ይፈልጉ።

ጥሩ ቀዶ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያደርገው ሥቃዩ በእርግጥ ከዳሌ የሚመጣ መሆኑን ማጣራት ነው። ራጅ ላይ ዳሌው የተበላሸ ሆኖ ሳለ ውሻው የሚያነክሰው በጉልበቱ ጅማት መበጠስ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በጀርመን ሸፐርድ ላይ ደግሞ የታችኛው አከርካሪ ሕመምም የኋላ እግሮችን ስለሚያደክም አብሮ መታየት አለበት። ጉልበቱ ወይም ነርቩ ታሞ ሳለ ዳሌው ቢቀየር ወጪውም ሥቃዩም በከንቱ ይሆናል። የቆዳ፣ የጆሮ ወይም የጥርስ ኢንፌክሽን ካለበትም አስቀድሞ መታከም አለበት፤ ባክቴሪያው በደም ተጉዞ ሰው ሠራሹ አካል ላይ ከሰፈረ የገባውን ሁሉ እስከ ማውጣት ሊያደርስ ይችላልና።

ሥራው ራሱ ከሰው የዳሌ ቅየራ ጋር ይመሳሰላል። የጭኑ አጥንት ራስ ከነአንገቱ ተቆርጦ ይወጣና በአጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ክብ ራስ ይገጠማል፤ በዳሌው ጎድጓዳ ላይ ደግሞ በጠንካራ ፕላስቲክ የተለበጠ አዲስ ጽዋ ይቀመጣል። አንዳንዱ ዓይነት በአጥንት ሲሚንቶ ይጣበቃል፤ ሌላው ያለ ሲሚንቶ ተገጥሞ አጥንቱ ራሱ እያደገ ይይዘዋል፤ በስዊዘርላንድ የተሠራውና የዙሪክ ዘዴ የሚባለው ደግሞ ዘንጉን በብሎን ያስራል። የትኛው እንደሚሻል በአጥንቱ ቅርጽና በሐኪሙ ልምድ ስለሚወሰን ይህን ለሐኪሙ ይተዉለት። ሕክምናው አዲስ ሙከራ አይደለም፤ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት የ221 ቅየራዎች ዘገባ ላይ እንኳ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውጤት አጥጋቢ ነበር። ቀሪው ግን ሊረሳ አይገባም፦ ውልቃት፣ የጭን አጥንት ስብራት፣ ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ጉዳትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣ መላላት አሉ።

አብዛኛው ሰው የሚፈራው የቀዶ ጥገናውን ቀን ነው፤ እኔን ያደከመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። ውሻው ለሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል መሮጥ፣ መዝለል፣ ደረጃ መውጣትና ከሌላ ውሻ ጋር መጫወት የለበትም፤ ለሽንት እንኳ የሚወጣው በአጭር ገመድ ተይዞና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆዱ ሥር በፎጣ ተደግፎ ነው። የሚያንሸራትት ወለል ካለዎት ከማምጣትዎ በፊት ምንጣፍ ያንጥፉ፤ አንድ ክፉ መንሸራተት አዲሱን ዳሌ ሊያወልቀው ይችላል። ሁለት ዓመት የሞላው ሸፐርድ ሕመሙ ሲቀልለት መሮጥ ስለሚያምረው ከክሬት (ከውሻ ማቆያ ሣጥን) ውስጥ ማቆየት ልብ ይፈልጋል፤ በጣም ከተጨነቀ የማረጋጊያ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ከሆነና የሚረዳዎ ሰው ከሌለ ቀጠሮውን ፈቃድ እስከሚያገኙበት ጊዜ ቢያዘገዩት ይሻላል።

ሌሎችም አማራጮች አሉ። የጭን አጥንቱን ራስ ቆርጦ ያለ ምትክ መተው በዋጋ በጣም ይቀንሳል፤ ለትንንሽ ውሾች መልካም ውጤት ቢኖረውም እንደ እርስዎ ውሻ ያለ ከባድ ውሻ ግን እንደ ቀድሞው ላይራመድ ይችላል። ክብደት መቀነስ ግን ለሁሉም የሚሆን ነው። በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን በተደረገ ጥናት በጥንድ ከተመደቡላቸው ውሾች 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች የዳሌ አርትራይተስ ዘግይቶባቸዋል፤ በመካከለኛ ግምት ወደ ሁለት ዓመት ገደማም የበለጠ ኖረዋል። ውሻዎ በክብደት ቅነሳ፣ በሕመም ማስታገሻና በውሃ ዋና ደህና ከዋለ መጠበቅ ነውር የለውም፤ ቅየራው የሚያስፈልገው እነዚህ ሲያንሱት ነው።

ስለ ወጪው፣ በዚህ አካባቢ ለአንድ ዳሌ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠየቃል፤ የጽሑፍ ግምቱ ማደንዘዣን፣ የክትትል ራጅንና ችግር ቢፈጠር የሚሠራውን ሥራ የሚያካትት መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንሹራንስ ከምርመራው በኋላ ቢገባ ይህን ሕመም አይሸፍንም። ሁለቱም ዳሌዎች ታመዋል ማለት ሁለቱም ይቀየራሉ ማለት አይደለም፤ ብዙ ውሾች የባሰው ሲቀየር ክብደታቸውን ወደዚያ አዙረው በደህና ይኖራሉ፤ የእኔዋም ሁለተኛው አላስፈለጋትም። ዘመድ «ለውሻ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ቢልዎ አይሸማቀቁ፤ በእጅዎ ያለ ፍጡር ሲሠቃይ አቅምዎ የፈቀደውን ማድረግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የቀድሞውን ራጅ በወረቀት ሳይሆን በዲጂታል ፋይል እንዲሰጡዎ ያድርጉ። ውሾች ሐኪም ቤት ሲደርሱ በድንጋጤ ማነከሳቸውን ስለሚደብቁ፣ ጠዋት ከመኝታው ሲነሳና ከጉዞ በኋላ ሲራመድ ከጎንና ከኋላ በስልክዎ ቀርፀው ለሐኪሙ ያሳዩ።