ትምህርት ቤት ጸጥተኛ፣ ቤት ሲገባ እሳት

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቅን ሦስት ዓመት ሆነን። አስተማሪዎቹ «ጸጥተኛ ልጅ ነው» ይሉኛል። ቤት ሲገባ ግን በትንሽ ነገር ይጮኻል፣ እጁን ይነክሳል። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀምሯል። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይለኛል፤ አንዳንዴም ልጁን ይመታዋል። እኔም ራሴን መጠራጠር ይዣለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «ካለፈው ወር ወዲህ» የሚለውን ነው። ከሁሉ በፊት ልጁን ሐኪም ያሳዩት። ሕመሙን በቃል መናገር የሚቸግረው ልጅ ጆሮው ወይም ጥርሱ ሲያመው፣ ሆዱ ሲደርቅበት፣ ራሱን ሊመታ ይችላል። በድንገት የመጣ ጠባይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሕመም ነው። እንቅልፉ እንዴት እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። ከግጭቱ በኋላ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

«አሞላቀቅሽው» የሚለውን ይተዉት። እናትን መውቀስ የእኛም ሙያ አሮጌ በደል ነው። በአንድ ወቅት ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ቅዝቃዜ ነው ይባል ነበር፤ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ የአንጎል አሠራር እንጂ የእናት ጥፋት አይደለም ብሎ ተሟገተ። ያኔ እናት የተከሰሰችው ፍቅር ነፍጋ፣ ዛሬ እርስዎ የሚከሰሱት ፍቅር አብዝተው!

ልጅዎ ትምህርት ቤት ጸጥ ማለቱ ተመችቶታል ማለት ላይሆን ይችላል። ደወሉን፣ ሁካታውን፣ ድንገተኛ ለውጡን ቀኑን ሙሉ ችሎ ውሎ፣ የሚፈነዳው ሰው በማይፈራበት ቦታ ነው። እስቲ ያስተውሉት፦ የፈለገውን ሲያገኝ ዝም ይላል? እያለቀሰ እርስዎን ያይ ይሆን? ከሆነ ተራ የልጅ ቁጣ ነው፤ ወሰን ማበጀት ይሠራል። የጠየቀው እጁ ገብቶም ካላባራ ግን ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። (በቁጣ ተጀምሮ ወደዚህ የሚዞርም አለ።) ያን ጊዜ ምክርም ተግሣጽም አይገባውም። ቃል ይቀንሱ፣ መብራቱን ያደብዝዙ፣ በጭንቅላቱና በግድግዳው መካከል ትራስ ያስገቡ፣ ሌሎች ልጆች ካሉ ዞር ያድርጓቸው።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ከጩኸቱ በፊት ባለው ሰዓት ነው። ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ይያዙ፦ ቀድሞ ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ቀጥሎ ምን ሆነ። ምናልባት መነሻው በር ላይ የሚቀበለው የጥያቄ ዶፍ ይሆናል፤ ምናልባት ረሃብ፤ ምናልባት የቴሌቪዥን ድምፅ። እስኪታወቅ ድረስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ግማሽ ሰዓት ማንም ምንም አይጠይቀው።

ማስታወሻውን ባለቤትዎ ይጻፉ። ይህን የምለው በተንኮል አይደለም፤ «ባለጌ ነው» የሚል ሰው ከቃል ክርክር ይልቅ በገዛ እጁ የጻፈውን ያምናል። ዱላው ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ልጁ በፍርሃት ዝም ቢልም፣ በመጮኽ ፈንታ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተማረም።

በመጮኽ ፈንታ የሚያደርገውን በካርድ ያስተምሩት። «በቃኝ» የሚል ሥዕል ያለበት አንድ ካርድ ይበቃል፤ የሚለማመደውም በሰላሙ ሰዓት ነው። ሲያነሳው ያለ ክርክር ወደ ጸጥታ ቦታ ይውሰዱት። መጀመሪያ ሰሞን በየአምስት ደቂቃው ሊያነሳው ይችላል። ያንሳ።