ጅምር ኮድ በእጅዎ እያለ አስቸኳይ ሥራ ቢመጣ

ውድ ጠያቂ፣

ለጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሥራዎን ሳይጨርሱ አስቸኳይ ስሕተት እንዲያርሙ ቢታዘዙ፣ ጅምሩን ኮድ ምን ያደርጉታል?» ተብለው «ኮሚት አደርገዋለሁ» (የኮድ ለውጦችን በሚከታተለው በጊት ፕሮግራም ውስጥ እመዘግበዋለሁ) ብለው እንደመለሱ፣ ጠያቂውም ዝም ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ እንዳለፉ ጽፈውልኛል። መልስዎ ስሕተት አይደለም፤ የጎደለው በየትኛው ብራንች (ለብቻው በሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ኮሚት እንደሚያደርጉ አለመግለጽዎ ነው። ሌሎች በሚጋሩት ዋና ብራንች ላይ ያልተጠናቀቀ ኮድ ማስገባት የባልደረቦችን ሥራ ያውካል።

ጠያቂው ምናልባት «ጊት ስታሽ» የሚለውን ትእዛዝ ጠብቀው ይሆናል። ይህ ትእዛዝ ለውጦችዎን ወደ ጎን አስቀምጦ ፋይሎቹን የመጨረሻው ኮሚት ወደነበረበት ሁኔታ ይመልሳቸዋል፤ ስሕተቱን አርመው ወደ ብራንችዎ ሲመለሱም በ«ጊት ስታሽ ፖፕ» ጅምርዎን መልሰው ያወጣሉ።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት ግን አዲስ በፈጠሯቸው ፋይሎች ላይ ነው። ጊት ገና መከታተል ያልጀመረውን ፋይል ስታሽ በራሱ አያነሳውም፤ ስለዚህ ፋይሉ ባለበት ይቆይና ብራንች ሲቀይሩ ተከትሎዎት ይሄዳል፣ በጥድፊያ ሁሉንም ፋይል በአንድ ትእዛዝ ሲጨምሩም ከአስቸኳዩ እርማት ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። በትእዛዙ ላይ «ዩ» (-u) የተባለውን አማራጭ ከጨመሩ አብሮ ይቀመጣል። ለስታሹ አጭር መግለጫ መጻፍንም አይርሱ፤ ያለዚያ የስታሾቹ ዝርዝር የሚያሳይዎ የብራንቹንና የመጨረሻውን ኮሚት ስም ብቻ ስለሆነ፣ አራት አምስት ሲጠራቀም የትኛው የምን እንደነበረ ማወቅ ያዳግታል።

በእኔ አስተያየት ስታሽ ለሰዓታት እንጂ ለሳምንታት የሚሆን ማቆያ አይደለም። የሚቀመጠው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ብራንችዎን ፑሽ ሲያደርጉ (ወደ ጋራ ማከማቻው ሲልኩ) አብሮ አይላክም፣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽም አብሮ ይጠፋል። ከአንድ ቀን በላይ የሚቆየውን ጅምር በራስዎ ብራንች ላይ በጊዜያዊ ኮሚት ይያዙት፤ የእርስዎ መልስ ትክክል የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ «ለአጭር ጊዜ ከሆነ ስታሽ፣ ከቆየ በራሴ ብራንች ላይ ኮሚት» ብለው ምክንያቱን ቢያክሉበት መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን በመለማመጃ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ላይ አንዱን መስመር በሁለት መንገድ በመቀየር ሆን ብለው ግጭት ይፍጠሩና ፖፕ ያድርጉ፤ ለውጡ ሲጋጭ ስታሹ ከዝርዝሩ እንደማይሰረዝ በዓይንዎ ካዩ፣ ጠያቂው «ቢጋጭስ?» ሲሉዎት አይደናገጡም።